ለበዓል ባለቀለም ፈንዲሻ

የበዓል ቡና ያለ ፈንዲሻ አይፈላም ማለት ይቻላል። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሲኒው ሳይቀዳ ፈንዲሻው ቀድሞ ይቀርባል። ነጩን ማንም ይሠራዋል። ስኳር ለብሶ በቢጫና በቀይ የሚቀርበው ግን በየቤቱ ሲበላሽ አያለሁ፦ ወይ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ወይ ስኳሩ ወደ ደቃቅ ፍሬነቱ ተመልሶ ይራገፋል፣ ወይ ያ ሁሉ የተደከመበት ቀይ ቀለም ቡናማ ይሆናል። ከሦስቱ በስተጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ጉዳይ አለ። ፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ያስፈልገናል፤ ከፈነዳ በኋላ የሚነካው ውሃ ግን ያጠፋዋል። ይህን የያዘ ሰው ሌላውን በቀላሉ ይደርስበታል።

ፍሬው ለምን ይፈነዳል

ደህና የፈንዲሻ ፍሬ ከክብደቱ 14 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ልጣጩ ጠንካራና እንፋሎት በቀላሉ የማያሳልፍ ስለሆነ፣ ፍሬው ሲግል ውሃው መውጫ ያጣል። ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለው ስታርችም እየለሰለሰ ይመጣል። ልጣጩ ሲሸነፍ እንፋሎቱ በቅጽበት ይወጣል፣ የለሰለሰውን ስታርች ይነፋዋል፣ ስታርቹም ወዲያው ቀዝቅዞ ይደርቃል። የተራው በቆሎ ልጣጭ ይህን ያህል ግፊት መያዝ ስለማይችል ቆሎ ይሆናል እንጂ አይፈካም።

ኢማኑኤል ቪሮ እና አሌክሳንድር ፖኖማሬንኮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ፍሬዎችን ምድጃ ውስጥ እያሞቁ ተከታትለው ነበር። 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከመቶው 34ቱ ብቻ ፈነዱ፤ 180 ላይ ሲደርስ ግን 96ቱ። ድስቱን በነጭ የሚሞላው የአሥር ዲግሪ ልዩነት ነው። ለማድ ቤታችን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ እሳቱ ከላላ ውሃው ቀስ እያለ ያመልጥና ፍሬው ደርቆ ይቀራል፤ እሳቱ ከበረታ ደግሞ ውስጡ ሳይደርስ ውጪው ያርራል።

የገዛችሁት ፈንዲሻ ግማሹ ሳይፈነዳ የሚቀር ከሆነ ቆይቶ ደርቋል ማለት ነው። አትጣሉት። ለ600 ግራም ፍሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ እየነቀነቃችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩትና እንደገና ሞክሩት። ስለዚህ የበዓሉን ፈንዲሻ ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ጥቂቱን መሞከር ይበጃል።

ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ። ገበያ ላይ ቀላ ያለ ወይም የጠቆረ ፍሬ ስታዩ በዚያው ቀለም የሚፈካ እንዳይመስላችሁ። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ሲፈነዳ ያው ነጭ ነው። ቀለም የምንሰጠው ለምናለብሰው ስኳር ነው።

ማፈንዳቱ

ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት ያዙ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጋችሁ ሦስት ፍሬ ብቻ ጣሉበት። ሦስቱም ሲፈነዱ ዘይቱ ደርሷል። ያን ጊዜ 100 ግራም ወይም ግማሽ ኩባያ ፍሬ ጨምራችሁ ድስቱን ከእሳት አንሱና ለግማሽ ደቂቃ ያህል አቆዩት። ሁሉም ፍሬ እኩል ስለሚሞቅ፣ ወደ እሳቱ ስትመልሱት ባንድነት መፈንዳት ይጀምራል።

ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አትያዙት፤ በጥቂቱ ገርበብ ይበል። ከያንዳንዱ ፍሬ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ ካጣ ተመልሶ ፈንዲሻው ላይ ያርፋል። ነጩ ፈንዲሻ እንኳ ጥርስ ላይ እየተለጠጠ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ማለፍ ሲጀምር አውርዱት።

ከዚያ ሰፌድ ላይ ገልብጣችሁ አንተርትሩት፤ ያልፈነዳው ፍሬ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፈንዲሻውም በዚያው ይናፈሳል። ይህን ሥራ አትዝለሉት። ስኳር ከለበሰ በኋላ ያልፈነዳው ከፈነዳው አይለይም፤ እንግዳችሁ የሚያውቀው ጥርሱን ሲመታው ነው።

ስኳሩን ማፍላት

ለዚህ መጠን 200 ግራም (አንድ ኩባያ) ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። አሲዱ ከስኳሩ ጥቂቱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰብረዋል፤ እነዚህ ደግሞ የቀረው ስኳር ተሰባስቦ ወደ ደቃቅ ፍሬነቱ እንዳይመለስ ያውኩታል። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉት። መፍላት ከጀመረ በኋላ ማማሰያውን አውጡ፤ ያኔ ማማሰል ሎሚው የከለከለውን ነገር መልሶ ይጋብዛል። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተረጨ ስኳር ካያችሁ ለአንድ ደቂቃ ክደኑት፤ እንፋሎቱ አጥቦ ያወርደዋል።

መድረሱን ለማወቅ ቀዝቃዛ ውሃ በሲኒ አዘጋጁ። ሽሮፑ ጥቂት ደቂቃ እንደፈላ ድስቱን ከእሳት አንሱና በማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ ውሃው ውስጥ ጣሉ። መጀመሪያ ጠብታው ይበተናል። መልሳችሁ አፍልታችሁ ስትሞክሩት በጣት የሚድቦለቦል ለስላሳ ነገር ይሆናል። ሌላ ጊዜ ይጠነክራል፣ ግን ሲጎትቱት ይሳባል። በመጨረሻ ጠብታው ቀጭ እያለ ይደርቃል፤ አውጥታችሁ ስትጫኑት እንደ መስታወት ይሰበራል። የምንፈልገው ይህን ነው። ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ስኳሩ ውስጥ ውሃ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያ ውሃ ፈንዲሻውን ያለሰልሰዋል፣ ጣትም ላይ ይለጠፋል።

አዲስ አበባ ላይ ቴርሞሜትሩ ለምን ያሳስታል

የውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ለዚህ ደረጃ 149 ዲግሪ ይላሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተለካው ግን በባሕር ወለል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳሩም እንዲሁ ስምንት ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይደርሳል፤ 141 ላይ የደረሰውን ሽሮፕ 149 ድረስ የጠበቀ ሰው ከሚገባው በላይ ያበስለዋል።

ድሬዳዋ ላይ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የምትሠራ እህታችን ደግሞ የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ትከተል። የሲኒው ውሃ ግን የትም ቢሆን አያሳስትም፤ ቴርሞሜትር ያለውም ሰው ቢሆን አብሮ ቢጠቀምበት እመክራለሁ።

ቀለሞቹ

ቢጫ ከሁሉ ይቀላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ወስዳችሁ ለሽሮፑ ባዘጋጃችሁት ዘይት ውስጥ በጥብጡት። የእርድ ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ውሃው ላይ ብትነሰንሱት ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዶች ስኳሩ አረፋ እንዲሠራ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምራሉ። ለካራሜል ጥሩ ነው፣ ሽፋኑን ሳሳ ያደርገዋል። ከእርድ ጋር ግን አታገናኙት፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

ለቀዩ ቀይ ሥር ይሆናል፤ ጭማቂው ግን አይሆንም። ጭማቂ ውሃ ነው፤ አብሮ ቢፈላም ቀለሙ ረጅም ሙቀት አይችልም። ቀይ ሥሩን በስሱ ቆርጣችሁ ጥላ ባለበትና ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት፣ ውቀጡት፣ ንፉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሽሮፑ ከእሳት ከወረደ በኋላ ታክሎ በፍጥነት ይማሰላል። የሚወጣው ደማቅ ቀይ ሳይሆን ጽጌረዳ ነው። እኔ በበኩሌ ከሱቁ ቀይ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ።

አረንጓዴው ያስቸግራል። የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ይሠራል፤ ግን ሎሚና ሙቀት ወደ ወይራማ ቀለም ይወስዱታል፣ የቅጠል ጣዕሙም አይጠፋም። አረንጓዴ የግድ ካስፈለገ ለምግብ የተዘጋጀ ቀለም ሁለት ሦስት ጠብታ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። እንደ ኢ102 እና ኢ129 ባሉ ቀለማት ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊነኩ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አስገድዷል።

አለላ የሚነከርበትን የስፌት ቀለም ግን በፍጹም፣ በምንም መጠን ቢሆን ምግብ ውስጥ አታግቡ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ምንነቱ ሳይጻፍበት የሚሸጥ ማንኛውም የቀለም ዱቄትም ከዚያው ይቆጠር።

ስንት ቀለም? ሁለት ቀለምና ነጩ ይበቃል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ድስት ሽሮፕ ይፈልጋል፤ መጠኑን ለሦስትና ለአራት ብትከፋፍሉት ትንሹ ስኳር ሳትደርሱበት ያርራል። ነጩን ጨው ብቻ ነስንሳችሁ ከጣፋጩ ጋር ስትቀላቅሉት ለቡናው ይስማማል።

ማልበስና ማቆየት

ፈንዲሻው ሰፊ ዕቃ ውስጥ፣ ሁለት ማማሰያም በዘይት ተቀብቶ ዝግጁ ይሁን፤ ሽሮፑ ከወረደ በኋላ ያላችሁ ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ዙሪያውን አፍስሱና ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ አገላብጡ። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ሳይደርቅ አላቁት። ኦቨን ያለው ሰው በ120 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት፣ በየአሥር ደቂቃው እያገላበጠ ቢያስቀምጠው የቀረችው እርጥበት ትወጣለች። በቀይ ሥር የተቀባው ግን ኦቨን አይግባ።

ስኳር ከአየር እርጥበት ይስባል። እንቁጣጣሽ የሚውለው ክረምቱ ሳይለቅ ስለሆነ በዋዜማው ማታ የተሠራ ፈንዲሻ ሲነጋ ይለጠፋል፤ የዚያኑ ዕለት ሥሩት። የገና ግን በበጋው ስለሚውል፣ ግጥም ብሎ በሚዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል። ጾም ላይ ላለ እንግዳ በቅቤ ፋንታ ዘይት ይግባ፤ ለኢድም ሆነ ለልደት አሠራሩ ያው ነው።

ስለ ልጆች

የፈላ ስኳር ሙቀቱ ከፈላ ውሃ በጣም ይበልጣል፣ ቆዳ ላይም ተለጥፎ ይቆያል። ልጆችን ቀለም በመምረጥና ሰፌዱን በማንተርተር አሳትፏቸው፤ ሽሮፑ እሳት ላይ ሳለ ግን ማድ ቤት አይግቡ። ቃጠሎ ከደረሰ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ አጥቡት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት። ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈንዲሻ፣ ባለቀለምም ይሁን ነጭ፣ አትስጡ፤ ትንታ ሆኖ መተንፈሻውን ሊዘጋ ይችላል። የበዓል ቤት ሰው ይበዛበታልና ሳህኑን ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።