የዶክትሬት ተማሪ ፊርማና የገጠር መምህር ንባብ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርምር ጽሑፎች ለማንም ሰው በነፃ እንዲነበቡ ስለሚያደርገው አሠራር፣ በተለይም የዶክትሬት ተማሪዎች ስለዚሁ አሠራር ምን ማወቅ እንደሚገባቸው በአጭሩ ማስረዳት ነው። አሠራሩ በእንግሊዝኛ «ኦፕን አክሰስ» ይባላል። በአማርኛ «ክፍት ተደራሽነት» የሚሉት አሉ፤ እኛ ለአነጋገር እንዲቀለን «ክፍት ኅትመት» እንለዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የዶክትሬት ነገር እኛን ዕጩ መምህራንን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። ሕፃናት ማንበብ የሚለምዱት በምን ዘዴ እንደሆነ፣ ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚመራ፣ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ከሚያጠኑት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። የሚያጠኑትም እኛ ነገ በምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ገብተው፣ መምህራኑን ጠይቀው፣ ተማሪዎቹን ፈትነው ነው። ታዲያ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ውጤቱ ለዚያው መምህር ይደርሳል ወይስ አይደርስም? የክፍት ኅትመት ጥያቄ ይኸው ነው።

1ኛ. የጥናት መጽሔት እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያዎቹ የሳይንስ መጽሔቶች የወጡት በ1665 ነው። በዚያ ዓመት በፓሪስ «ዡርናል ደ ሳቫን»፣ በለንደን ደግሞ በሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ በሄንሪ ኦልደንበርግ አዘጋጅነት «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» መታተም ጀመሩ። ዓላማቸው አንዱ ተመራማሪ የደረሰበትን ሌሎቹ ቶሎ እንዲያውቁት ማድረግ ነበር። ተመራማሪው ለጽሑፉ ገንዘብ አይጠብቅም፤ የሚፈልገው እንዲነበብለትና ሥራው በስሙ እንዲታወቅለት ነው። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

አንድ የምርምር ጽሑፍ ዛሬ በተለመደው አሠራር የሚያልፍበት መንገድ የሚከተለው ነው፦

ሀ) ተመራማሪው ጥናቱን አካሂዶ ይጽፋል። ደመወዙና የጥናቱ ወጪ ባብዛኛው ከሕዝብ ገንዘብ ወይም ከዕርዳታ ይገኛል።

ለ) ጽሑፉን ለመጽሔት ይልካል። አዘጋጁ በዚያው ሙያ ላሉ ሁለት ወይም ሦስት ምሁራን ሰጥቶ ያስገመግማል። ገምጋሚዎቹ እንደ ወጉ አይከፈላቸውም።

ሐ) ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ ጸሐፊው የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው የሚያስተላልፍ ውል ይፈርማል።

መ) አሳታሚው ጽሑፉን አርሞና አቀናብሮ ለቤተ መጻሕፍት በደንበኝነት ይሸጣል። ደንበኛ ያልሆነ ሰው አንዲቷን ጽሑፍ ለማንበብ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ፣ አርባ ዶላር ይጠየቃል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕዝብ ለጥናቱ ከፈለ፤ ጸሐፊው በነፃ ጻፈ፤ ገምጋሚው በነፃ ገመገመ። ከዚያ በኋላ ያው ሕዝብ ለማንበብ እንደገና ይከፍላል። በገዛ በሬው አርሶ፣ በገዛ እጁ አጭዶ፣ እህሉን ከገበያ እንደሚሸምት ገበሬ ማለት ነው።

እርግጥ አሳታሚው ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ማረም፣ ማቀናበር፣ ጽሑፉን ለዘለቄታው ጠብቆ ማኖር ወጪ አለው። ክርክሩ ያለው በዋጋው ላይ ነው። በሚያዝያ 2012 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን አማካሪ ጉባኤ፣ ለትልልቅ አሳታሚዎች የሚከፈለው የደንበኝነት ሒሳብ በዓመት ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር መጠጋቱን፣ አንዳንዱም መጽሔት ብቻውን እስከ 40,000 ዶላር መጠየቁን ገልጾ፣ በዚህ መቀጠል እንደማይቻል ለመምህራኑ አስታውቆ ነበር። ሀብታሙ ሃርቫርድ እንዲህ ካለ ሌላው ምን ይበል?

2ኛ. የላይቤርያ ምሳሌ

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከ2014 እስከ 2016 በምዕራብ አፍሪካ በተነሳው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ11,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉም በላይ ከተጎዱት ሦስት አገሮች አንዷ ላይቤርያ ነበረች። በሽታው ሲገባ «በዚህ አካባቢ ኢቦላ ታይቶ አይታወቅም» የሚል እምነት ነበር። ይሁን እንጂ በ1982 በአንድ የአውሮፓ መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ከላይቤርያ ሰዎች በተወሰደ ደም ላይ የኢቦላ ምልክት መገኘቱና አገሪቱ በሽታው ካለባቸው አካባቢዎች መቆጠር እንዳለባት ተጽፎ ነበር።

ይህንን በሚያዝያ 2015 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ለዓለም ያስታወቁት የላይቤርያ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት በርኒስ ዳንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ናቸው። እነሱም ሁለት ነገር አስገንዝበዋል። አንደኛ፣ እንዲህ ካሉት ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ 45 ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የአንድ ላይቤርያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ጥናቶቹን ከጻፉት ውስጥ አንድም ላይቤርያዊ ሳይንቲስት አልነበረም።

ጽሑፉ በነፃ ቢነበብ ኖሮ ወረርሽኙ ይቀር ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ሐኪም፣ መድኃኒትና ሆስፒታልም ያስፈልጋል። ነገር ግን ደሙ የተቀዳው ከላይቤርያ፣ ዕውቀቱ የተቀመጠው በውጭ አገር፣ ቁልፉ ደግሞ በዶላር የሚሸጥ ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያው ለባለቤቱ ሳይደርስ መቅረቱ ምን ያስገርማል?

3ኛ. ክፍት ኅትመት እንዴት ተጀመረ?

በነሐሴ 1991 ፖል ጊንስፓርግ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሳለ፣ የፊዚክስ ሰዎች ገና በመጽሔት ያልወጡ ጽሑፎቻቸውን በኮምፒውተር የሚለዋወጡበት ማኅደር አቋቋመ። ዛሬ «አርካይቭ» በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ነው። በ1997 ደግሞ በብራዚል «ሲኤሎ» የተባለ ሥራ ተጀመረና የላቲን አሜሪካ መጽሔቶች በኢንተርኔት በነፃ እንዲነበቡ መንገድ ከፈተ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ መንገዱን የጠረጉት ሀብታሞቹ አገሮች ብቻ አለመሆናቸውን ነው።

በታኅሣሥ 2001 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ስብሰባ ተደርጎ፣ በየካቲት 14 ቀን 2002 የቡዳፔስት መግለጫ ወጣ። ፍሬ ነገሩም የተገመገሙ የምርምር ጽሑፎችን ማንም ሰው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማንበብ፣ ማውረድ፣ መቅዳት፣ ማተምና ማከፋፈል ይችል ዘንድ፣ ለጸሐፊው ደግሞ ሥራው እንዳይዛባበትና ስሙ በአግባቡ እንዲጠቀስ ነው። እንግዲህ ክፍት ኅትመት ማለት የሰው ሥራ መስረቅ ማለት አይደለም። ስም ሳይጠቅሱ መገልበጥ ትናንትም ነውር ነበር፤ ዛሬም ነውር ነው።

4ኛ. ሦስቱ መንገዶች

አረንጓዴው መንገድ፦ ጸሐፊው በማንኛውም መጽሔት ያሳትማል፤ ነገር ግን ተገምግሞ ተቀባይነት ያገኘውን የራሱን ቅጂ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ያስቀምጣል። ብዙ አሳታሚዎች ይህን ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጥቂት ወራት ወይም አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቆይ ያስገድዳሉ። መንገዱ ጸሐፊውን ምንም አያስከፍለውም።

ወርቃማው መንገድ፦ መጽሔቱ ራሱ ጽሑፉን ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ወጪውን ጸሐፊው ወይም መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ኔቸር» የተባለው ዝነኛ መጽሔት ከጥር 2021 ጀምሮ በዚህ መንገድ ለሚወጣ አንድ ጽሑፍ የጠየቀው 9,500 ዩሮ ነበር። በፊት አንባቢው በር ላይ ይቆም ነበር፤ አሁን ደግሞ ጸሐፊው በር ላይ ሊቆም ነው። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ክፍያውን የሚቀንሱ ወይም ጨርሶ የሚምሩ አሳታሚዎች ስላሉ፣ ጽሑፉን ከመላክ በፊት መጠየቅ ይገባል።

የአልማዙ መንገድ፦ ጸሐፊውም አንባቢውም አይከፍሉም። ወጪውን ዩኒቨርሲቲ፣ የሙያ ማኅበር ወይም መንግሥት ይሸፍነዋል። በላቲን አሜሪካ በሰፊው የተለመደው ይኸኛው ነው።

5ኛ. ስለ አታላይ መጽሔቶች

ስንዴ ባለበት እንክርዳድ አይጠፋም። የወርቃማውን መንገድ ክፍያ አይተው፣ የመጽሔት ስም ለጥፈው ገንዘብ የሚሰበስቡ አታላዮች ተነስተዋል። ምልክታቸው ይታወቃል። ሳይጠየቁ በኢሜይል «የከበሩ ዶክተር ሆይ» እያሉ ጽሑፍ ይለምናሉ፤ በጥቂት ቀን ገምግመን እናወጣለን ይላሉ፤ ክፍያውን መጨረሻ ላይ ነው የሚናገሩት። ለመመረቅ የሚጣደፍ ተማሪ በቀላሉ ይወድቅላቸዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል። ያልተገመገመ ጽሑፍ ስም ቢያስጠራም ዕውቀት አይሆንም። መከላከያው መጽሔቱን በ2003 በስዊድን በሉንድ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ላይ መፈለግ፣ አማካሪን መጠየቅና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን ማነጋገር ነው። ክፍት መሆን በራሱ የጥራት ምልክት አይደለም፤ በክፍያ መነበብም እንደዚሁ።

6ኛ. በአገራችን

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በዚህ መሠረት በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን፣ ጽሑፉም በብሔራዊው የዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጥ ታዝዟል። የሚኒስቴሩ ሥራ ኋላ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን የማስተርስና የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ማኅደሩ ያስቀምጣል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም መመሪያ ብቻውን ጽሑፍ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ሰው ነው።

7ኛ. ከፊርማ በፊት

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጽሑፍ እንዲያሳትም ይጠየቃል። ስለ ክፍት ኅትመት መማር ያለበትም ጥናቱን ሲጀምር እንጂ ውሉ ፊቱ ከቀረበ በኋላ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። ሊያውቃቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦

- ጥናቱን የረዳው መሥሪያ ቤት ምን ያዛል? ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2008 ጀምሮ የረዷቸው ጽሑፎች ቢበዛ በ12 ወር ውስጥ በነፃ እንዲነበቡ ያስገድዱ ነበር፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የ12 ወሩ መቆያ ቀርቷል።
- ውሉ የትኛውን ቅጂ፣ የት፣ መቼ ማስቀመጥ ይፈቅዳል? ያልፈቀደ እንደሆነ ለአዘጋጁ ጽፎ መጠየቅ ይቻላል።
- ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው? በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ውስጥ አንዱ «ስሜን ጥቀስና እንደፈለግህ ተጠቀም» ይላል፤ ሌላው «ለንግድ አታውለው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሳትለውጥ ብቻ አካፍል» ይላል።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት እንቆይ። «ሳትለውጥ» ሲባል መተርጎምም መለወጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ፈቃድ የወጣን ጥናት አንድ መምህር ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ትግርኛ መልሶ ለባልደረቦቹ ሊያድል ሲፈልግ መጀመሪያ ከመብቱ ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። «ስሜን ጥቀስ» በሚለው ፈቃድ ከሆነ ግን ያለማንም ከልካይ ተርጉሞ፣ እንደዚህ ባለ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንኳ ሊለጥፈው ይችላል። በውሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ የምትገባ ምልክት ይህን ያህል ልዩነት ታመጣለች።

ክፍት የማይሆን ነገርም እንዳለ መርሳት አይገባም። የተጠያቂ መምህራንና የተማሪዎች ስም፣ የሕፃናት ውጤትና የቤተሰብ ምስጢር ለአደባባይ አይወጣም። የሚከፈተው ዕውቀቱ ነው እንጂ የሰው ገመና አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው ኅትመት የምርምር መጨረሻ አይደለም፤ መነበብ አለበት። ይህን ግማሽ መንገድ መንግሥት በመመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ በማኅደር ያቃናዋል፤ ቀሪውን ግማሽ የሚወስነው ግን ጸሐፊው ውሉን በሚፈርምባት ቀን ነው። ስለዚህ በመካከላችን ዶክትሬታቸውን የሚሠሩ አሠልጣኞቻችን ይህን አስበው እንዲፈርሙ በአክብሮት እናሳስባለን። እኛም ነገ ጥናት ሊሠራ ወደ ክፍላችን የሚመጣውን እንግዳ በደስታ ተቀብለን፣ «ሲያልቅ የት እናነበዋለን?» ብለን እንጠይቀው። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የጽሑፍን ወጪ አንባቢው፣ ጸሐፊው ወይስ መንግሥት ቢሸፍነው ይሻላል? ለምን?
2. በላይቤርያ ምሳሌ ውስጥ ከዋጋው ሌላ ምን መሰናክል አያችሁ?
3. በእንግሊዝኛ የተጻፈ ክፍት ጽሑፍ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው በእርግጥ ክፍት ነውን?