የአንድ ቤተሰብ አውቶሞቢሎችና ለኢንሹራንስ ኩባንያ የማስታወቅ ግዴታ

አንድ ነጋዴ የዕቃ መጫኛ ፒክአፕ፥ ባለቤቱ የቤት አውቶሞቢል፥ ልጁም አነስተኛ መኪና ኖሯቸው በየስማቸውና በየተለያየ ኩባንያ ኢንሹራንስ ሲገቡ፥ ሦስቱ ውሎች እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ይመስላቸዋል። በአንዱ ውል የደረሰውንም አደጋ ለሌላው ኩባንያ መንገር አያስፈልግም ይላሉ። ይህ አሳብ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ያስከትላል። ኩባንያው የሚመዝነው መኪናውን ብቻ ሳይሆን መሪውን የሚይዘውንም ሰው ነውና።

የሕጉ ቃል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ከፊሉ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ሕግ ቢተካም፥ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍሉ እንደጸና ቆይቷል። በቁጥር 667 መሠረት ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ውሉን በሚያደርግበት ጊዜ፥ ኩባንያው የሚቀበለውን አደጋ በሚገባ ለመገመት የሚያስችለውንና ራሱ የሚያውቀውን ሁኔታ ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት። ሕጉ የሚጠይቀው የታወቀውን ነው፤ ያልታወቀውን እንዲናገር ማንንም አያስገድድም።

ቁጥር 668 ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥፋትን ይለያል። ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ ውሉን የማይቀበልበትን ወይም በሌላ ሁኔታ የሚቀበልበትን ነገር አስቦ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። ያለ ተንኰል የዘነጋ እንደሆነ ግን ውሉ ይጸናል፤ ነገሩ አደጋ ከደረሰ በኋላ ቢታወቅ፥ ካሳው በተከፈለው አረቦንና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን ልክ ተመዛዝኖ ይቀነሳል።

ምሳሌ

አንድ ወጣት የእናቱን መኪና ሲነዳ አደጋ አድርሶ፥ የእናቱ ኩባንያ ካሳ ከፈለ እንበል። በሚከተለው ዓመት አባት ለፒክአፑ አዲስ ውል ሲያደርግ፥ ቅጹ «መኪናውን የሚነዱ ሰዎች ከዚህ በፊት አደጋ አድርሰዋልን?» ብሎ ይጠይቃል። አባት በፒክአፑ ውል ምንም ጥያቄ ስላልቀረበ «የለም» ብሎ ይፈርማል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ፒክአፑን በአዳማ መንገድ ይገለብጠዋል፤ ጉዳቱም 200,000 ብር ይገመታል።

የተከፈለው አረቦን 6,000 ብር፥ እውነቱ ቢነገር ይከፈል የነበረው 8,000 ብር ቢሆን፥ ስሕተቱ ያለ ተንኰል ከሆነ ካሳው ወደ 150,000 ብር ይወርዳል። 2,000 ብር ያተረፈ የመሰለው ነጋዴ 50,000 ብር ከኪሱ ያወጣል። አስቦ የደበቀ ከሆነ ግን ፈጽሞ ምንም አያገኝም።

ሊለዩ የሚገባቸው ነገሮች

አንደኛ፥ «አደጋ» እና «የካሳ ጥያቄ» አንድ አይደሉም። ባለመኪናው ከገዛ ገንዘቡ ያሳደሰው ግጭት የካሳ ጥያቄ ባይሆንም አደጋ ነው። ቅጹ አደጋን ከጠየቀ፥ ጥፋቱ የሌላው ሰው ቢሆንም እንኳ ይጻፋል፤ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነም አብሮ ይገለጻል።

ሁለተኛ፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ በቁጥር 670 መሠረት በአምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅ የሚገባው ለዚያው መኪና ውል ለሰጠው ኩባንያ ነው። ለሌሎቹ ኩባንያዎች ውል ሲደረግ ወይም ሲታደስ ለሚቀርበው ጥያቄ እውነቱ ይነገራል። ሆኖም በውሉ ዘመን አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ቢኖር፥ ለምሳሌ ለአባት ብቻ የተባለውን መኪና ልጅ ዘወትር የሚነዳው ቢሆን፥ እድሳቱን ሳይጠብቁ ማስታወቅ ይገባል።

ሦስተኛ፥ መናገር ሁልጊዜ አረቦን ማስጨመር ማለት አይደለም። ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚደረገው ቅናሽ የሚታሰበው በየውሉ ቃል ነው።

የእንግሊዝ አገር ልማድ

በእንግሊዝ አገር ኩባንያዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካሳ ጥያቄዎችን በጋራ መዝገብ ያሰፍራሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ኩባንያ የታወቀው በሌላው መገለጡ አይቀርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም የግል ደንበኛ ለሚጠየቀው ጥያቄ በጥንቃቄ እንዲመልስ ያዛል። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏቸው ነጋዴዎች ይህን ቢያሳውቋቸው ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ለሱቁ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ለቤተሰቡ መኪናዎችም አንድ ደብተር ቢይዝ መልካም ነው። በደብተሩም የአደጋው ቀን፥ የሰሌዳው ቁጥር፥ የነጂው ስም፥ የኩባንያውና የፖሊሲው ቁጥር፥ የተጠየቀው ካሳ ይጻፋል። ማናቸውም ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ደብተሩን ይመልከት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የአንድ ምሽት ምክር የብዙ ዓመት ጥሪትን ያድናል።