«ቢዘንብ» እና «ሲዘንብ»፦ ስለ ብረት በር አመራረጥ

በዚህ ትምህርት «ሲ»፣ «ቢ» እና «ከ» የተባሉት አገባቦች ከግሥ ጋር ሲጣመሩ የሚሰጡትን ፍች እናጠናለን። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከሚከተለው ምንባብ ስለሆነ፣ ወደ ሰዋስዉ ከማለፋችሁ በፊት ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

በአዲስ አበባ ቤት የሚሠራ ሰው የመግቢያ በሩን ብዙ ጊዜ የሚያሠራው በደረቁ ወራት፣ ይኸውም በጥር ወይም በየካቲት ነው። በእነዚህ ወራት በሩን ለሚመለከተው ሰው ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ መዝጊያው ያለ ችግር ይከፈታል፤ ቁልፉም ይዞራል። ከዚህ የተነሣ ገዢው የሚመርጠው ዐይኑ ያየውን በር እንጂ ሐምሌን የሚያልፈውን በር አይደለም።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ለብዙ ዓመታት ካጠራቀሙት ገንዘብ ከፍለው እንዲሁ በየካቲት በር አሠሩ። ከበያጁ ጋር የተዋዋሉበት ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፦ «በሩ ከጥሩ ብረት ይሠራል። ውሃ ቢገባ ይስተካከላል።» ሐምሌ ሲገባ ውሃው ከመዝጊያው ሥር እየሾለከ ወለሉን አራሰው። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ የመዝጊያው ታችኛው ጠርዝ ከውስጥ ዝጎ ስላበጠ ከመድረኩ ጋር ይፋተግ ጀመር። ሴትዮዋም ወደ በያጁ ሄደው፣ «ልጄ፣ ውሃ ገባ እኮ!» ቢሉት፣ «እማማ፣ እኛ የተነጋገርነው ‹ቢገባ› ብለን ነው። ይህ ሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ውሃ የማይገባበት በር የት አለ?» ሲል መለሰላቸው። ወረቀቱን አንብቡልኝ ብለው ሰጥተውኝ ስለ ነበር እኔም አይቼዋለሁ። ሰውዬውን አታላይ ለማለት ይከብዳል። የማስተካከያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ እስከ መቼም እንደሚጠየቅ ወረቀቱ አይናገርም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሁለተኛ ከፈሉ።

ለመሆኑ ያ በር ምን ጎደለው? አስቀድመን «ጥሩ ብረት» የሚለውን እንመልከት። በገበያ «የብረት በር» እና «የአረብ ብረት በር» እየተባለ በተለያየ ዋጋ ሲቀርብ ይሰማል። ነገር ግን ዛሬ ለበር የሚውለው ብረት ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ ጥቂት ካርቦን ያለበት አረብ ብረት ነው፤ ተጠማዞ በአበባ ቅርጽ የተጌጠውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ስሙን ሳይሆን የላሜራውን ውፍረት ነው። ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 210 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መዝጊያ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ገጽ ላሜራ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ 22 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ላሜራም ለበር ሲውል ይታያል፤ እንዲህ ያለው ግን በእጅ ሲገፉት ይረግባል። መዝጊያው በከበደ መጠን ማጠፊያውም መጠንከር አለበትና በሁለት ፈንታ ሦስት ማጠፊያ ይደረግለታል።

የክረምቱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። አቈጣጠራችን ዓመቱን በአራት ይከፍላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25 ነው። ከእነዚህ መካከል ብረትን የሚበላው በተለይ ክረምት ነው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት ውሃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ነው። ውሃው በበሩ ፊት ላይ ወርዶ ቢያልፍ ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በታችኛው እጥፋትና በቱቦላሬው ባዶ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ፀሐይ አይደርስም፤ ቀለምም አልተቀባም። ዝገት ከበላው ብረት ይበልጥ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ እጥፋቱን ከውስጥ እየገፋ ያሳብጠዋል። ስለዚህ በሩ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከሥሩ ሊኖሩት፣ መድረኩም ወደ ውጭ ሊያዘቀዝቅ ይገባል። ከበሩ በላይ ትንሽ የዝናብ መከላከያ ጣሪያ ቢኖር ደግሞ ከማንኛውም ውድ ቀለም ይበልጣል።

ዚንክ የተለበጠ ላሜራ በእርግጥ ዝገትን ይቋቋማል። ይሁን እንጂ የብየዳው እሳት ዚንኩን ስለሚያቃጥለው፣ በር መዛግ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከተበየደበት መስመር ነው። በያጁ መስመሩን ሞርዶና አጽድቶ የፀረ ዝገት ቀለም ካልቀባው፣ የላይኛው ቀለም ነውሩን ከመሸፈን በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ገዢው በሩን ማየት ያለበት ይህ የላይኛው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሌላ ነገር ይታያል። ብረት ሙቀትን ከእንጨት ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ባለ አንድ ገጽ ላሜራ በር ሌሊት እንደ ውጭው አየር ይቀዘቅዛል፤ የቤቱም እርጥበት በውስጠኛው ገጹ ላይ እንደ ላብ ይወርዳል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስላቸዋል። መዝጊያው ባለ ሁለት ገጽ ሆኖ መካከሉ በፎም ከተሞላ ላቡ ይቀንሳል፤ የመንገዱም ጫጫታ ይለዝባል።

ስለ በጋው ፀሐይ ብዙ የሚባል የለም። ቁመቱ 210 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር በ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ የሚለጠጠው ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ይህ አያስጨንቅም። በሩ ሲጠብቅ «ፀሐይ ነው ያስፋፋው» የሚል በያጅ ቢያጋጥማችሁ፣ መጀመሪያ ማጠፊያውን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የዘመመው እርሱ ነው።

ሰዋስው

ከምንባቡ የወጡትን እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሀ. ሐምሌ ሲገባ ውሃው ወለሉን አራሰው።
ለ. ውሃ ቢገባ ይስተካከላል።
ሐ. በመቃኑ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ይህ አያስጨንቅም።

በ«ሀ» ውስጥ «ሲ» ጊዜን ያመለክታል። ሐምሌ መግባቱ አያጠራጥርም፤ ተናጋሪው የሚነግረን ሐምሌ በገባበት ጊዜ የሆነውን ነው። በ«ለ» ውስጥ «ቢ» ጥርጣሬን ያመጣል፤ ድርጊቱ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «ቢገባም» ተብሎ «ም» ሲጨመርበት ደግሞ ፍችው ይለወጣል፤ ድርጊቱ መፈጸሙ ማሰሪያ አንቀጹ የሚናገረውን ነገር እንደማያስቀር ያሳያል። በ«ሐ» ውስጥ «ከ» የገባው «አለ» በሚለው ግሥ ላይ ሲሆን ቁርጥ ያለ ቅድመ ሁኔታን ያስቀምጣል፤ ሁኔታው ከተሟላ ውጤቱ ይከተላል። «ከ» ኀላፊ ግሥን ሲይዝ፣ ለምሳሌ «ከገባ» ሲል፣ ግሡ በመልኩ ኀላፊ ቢሆንም የሚያመለክተው ገና የሚመጣን ነገር ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ። «ከገባ በኋላ» ሲባል ግን ቅድመ ሁኔታነቱ ቀርቶ የጊዜ ቅደም ተከተል ይሆናል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ወረቀት እንመለስ። በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ በየዓመቱ የሚመጣ ነው። የሚመጣውን ነገር «ቢ» ብሎ መጻፍ ለበያጁ የማምለጫ ቀዳዳ ተወለት። «ጥሩ» የሚለው ቅጽልም እንዲሁ ነው፤ ቅጽሉ መለኪያ ስለሌለው የሁለቱ ሰዎች «ጥሩ» አንድ ሊሆን አልቻለም። ወረቀቱ እንደሚከተለው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር፦

«የመዝጊያው ላሜራ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተበየደው ሁሉ ከተሞረደ በኋላ ከውስጥም ከውጭም የፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የላይኛው ቀለም የሚቀባው አሠሪዋ ካዩት በኋላ ነው። ከታች ሦስት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። ክረምት ሲገባ በሩ በዝናብ ይፈተናል። እስከ ሁለተኛው ዓመት መስከረም 25 ድረስ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ወይም ከመዝጊያው ሥር ውሃ ከገባ፣ በያጁ በራሱ ወጪ በ15 ቀን ውስጥ ያስተካክላል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሲ» አንድ ጊዜ፣ ቅድመ ሁኔታን የሚያሳየው «ከ» አንድ ጊዜ ሲገኙ «ቢ» ግን ጨርሶ አልገባም።

መልመጃ 1
በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በቅንፍ ያለውን ግሥ «ሲ»፣ «ቢ» ወይም «ከ» ጨምራችሁ ጻፉ። ከአንድ በላይ የሚስማማ ከሆነ የፍቹን ልዩነት አስረዱ።
1. ብየዳው ያለ ፀረ ዝገት ቀለም (ቀረ) ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።
2. ታኅሣሥ (ደረሰ) በሩ ከውስጥ ያልበዋል።
3. በያጁ ውፍረቱን ለመናገር (እምቢ አለ) ላሜራውን በካሊፐር ለኩት።

መልመጃ 2
በምንባቡ ውስጥ የሚገኙትን «መድረክ»፣ «መቃን»፣ «መዝጊያ» እና «ማጠፊያ» የተባሉትን ቃላት በበሩ ሥዕል ላይ አመልክቱ። ከዚያም «መድረክ» በሌላ ፍች የገባበት አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

መልመጃ 3
በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ያለውን አንድ የብረት በር ከሥሩ ጀምራችሁ መርምሩ። የዛገው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ለምንም እንደዛገ ከግማሽ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ግለጹ። በመቀጠልም ያ በር እንደገና ቢሠራ ለበያጁ የምትሰጡትን የሥራ ትእዛዝ «ጥሩ»፣ «ጠንካራ» እና «ቆንጆ» የሚሉትን ቅጽሎች ሳትጠቀሙ ጻፉ።