ፍሎፑ 9-8-7 ሲሆን፦ ቺፕስዎን ከማስገባትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር ከሁለት ኤስ የሚበልጥ መነሻ እጅ የለም። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ ማለትም ፍሎፑ፣ የልብ 9፣ የልብ 8 እና የክለብ 7 ቢሆኑ ያ እጅ አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ስሙ አሁንም ሁለት ኤስ ነው፤ ሊያሸንፉት የሚችሉት እጆች ግን በዝተዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ካርታም ይበልጥ ያሰጋዋል።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ “አሁን እየመራሁ ነው?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ መልሱ “ሳይሆን አይቀርም” ከሆነ ቺፕሱን ይገፋል። ቁጥራቸው በተያያዘ ካርታዎች ላይ ይህ ጥያቄ አይበቃም። ገና ሁለት ካርታ ሊገለጥ ስለሆነ “ከሚመጡት ካርታዎች በስንቱ ላይ እየመራሁ እቆያለሁ?” ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ያሉት ስምንት ነጥቦች ይህን ለመመለስ ይረዳሉ። ምሳሌያችን ይኸው 9-8-7 ነው፤ እርስዎ የስፔድና የዳይመንድ ኤስ ይዘዋል እንበል።

1. ሊኖር የሚችለውን ትልቁን እጅ ይለዩ

በዚህ ፍሎፕ ላይ ስትሬት፣ ማለትም አምስት ተከታታይ ቁጥር፣ ከአሁኑ በሦስት መንገድ ሊሞላ ይችላል። ጃክና 10 የያዘ ሰው ከሁሉ በላይ ነው። 10 እና 6 የያዘ ይከተለዋል። 6 እና 5 የያዘ ደግሞ የታችኛው ስትሬት አለው። ከእነሱ በታች ሦስት 9፣ ሦስት 8 ወይም ሦስት 7 የሠሩ፣ ከዚያም ሁለት ጥንድ ያላቸው ይመጣሉ። ሁለት ኤስ ከእነዚህ ሁሉ ያንሳል።

ፍሎፑ ኪንግ-7-2 ሆኖ ሦስቱም የተለያየ ምልክት ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ ላይ ስትሬትም ሆነ ፍላሽ፣ ማለትም አምስት አንድ ዓይነት ምልክት፣ የሞላለት ሰው አይኖርም፤ ለመሙላት አንድ ካርታ ብቻ የቀረው እንኳ አይገኝም። ያው ሁለት ኤስ እዚያ ላይ በጣም ጠንካራ እጅ ነው።

2. ስጋትዎን በቁጥር ይለኩት

ጃክ-10 በ16 መንገድ ሊያዝ ይችላል፤ አራት ጃክ በአራት 10 ተባዝቶ ማለት ነው። 10-6 እና 6-5ም እንዲሁ እያንዳንዳቸው 16 ናቸው፤ በድምሩ 48 ስትሬት። በእጃቸው ጥንድ ይዘው ሦስት ተመሳሳይ የሠሩት 9 ናቸው። ሁለት ጥንድ የሚሆኑት 27 ናቸው። ሲደመሩ 84 ጥምረቶች ከሁለት ኤስ ይበልጣሉ።

ሆኖም 84ቱንም የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው። ጠንቃቃ ተጫዋች 10-6ንና 9-7ን ከመጀመሪያው ይጥላል፤ 6-5ን፣ 9-8ንና 8-7ን የሚይዘው ምልክታቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሲቆጠር ጃክ-10 በሙሉ 16፣ 6-5 4፣ ሦስት ተመሳሳይ 9፣ 9-8 3፣ 8-7 2 ይሆናል፤ በድምሩ 34። በሌላ በኩል ደካማ ሆኖ ሳለ የሚከፍልዎ እጅም አለ፦ ሁለት ጃክ፣ ሁለት ኩዊን፣ ኤስ-9፣ ሁለት ልብ የያዘና አምስተኛ ልብ የሚጠብቅ። ስለዚህ ሁለት ኤስ በመጀመሪያው ውርርድ የሚጣል እጅ አይደለም። ያለዎትን ሁሉ የሚያስገቡበት እጅ መሆኑ ግን ቀርቷል።

3. የሚቀጥለውን ካርታ አስቀድመው ይቁጠሩት

ከእርስዎ ሁለት ካርታና ከፍሎፑ ሌላ ያላዩት 47 ካርታ ነው። 10፣ 6፣ ጃክ ወይም 5 ቢገለጥ በእጁ አንድ ተስማሚ ካርታ ብቻ ያለው ሰው ስትሬት ይሞላለታል፤ እነዚህ 16 ናቸው። ከእነሱ ውጭ ፍላሽ ሊያሞሉ የሚችሉ 7 ልቦች አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን 9፣ 8 ወይም 7 የሚደግሙ ሌሎች 8 ካርታዎችም አሉ። ድምሩ 31 ነው።

ሁኔታውን ብዙም የማይለውጡት ቀሪዎቹ 16 ብቻ ናቸው። ከሦስት ካርታ ሁለቱ ያህል አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ፍሎፑ ላይ ከመወራረድዎ በፊት 10 ቢወጣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ልብ ቢወጣ ምን እንደሚያደርጉ ይወስኑ። መልስ ካላገኙለት ውርርዱን ያሳንሱት ወይም ቼክ ይበሉ፣ ማለትም ሳይወራረዱ ይለፉ።

4. እጅዎ መሸሸጊያ እንዳለው ይመልከቱ

ብዙዎችን የሚያስገርም ሐቅ አለ፦ በዚህ ፍሎፕ ላይ ሁለት 10 ከሁለት ኤስ ይልቅ ጫናን ይቋቋማል። ሁለቱ ቢገናኙ አሁን የሚቀድመው ኤስ ነው። ሌላ ሰው ስትሬት ከያዘ ግን ኤስ የያዘውን የሚያድነው አንድም ነጠላ ካርታ የለም፤ ሦስተኛ ኤስ ቢመጣም ስትሬት ይበልጠዋል።

ሁለት 10 የያዘ ሰው ግን ጃክ ወይም 6 ቢመጣ ራሱ ስትሬት ይሆንለታል። ይህ 8 ካርታ ነው፤ እስከ ሪቨር፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ካርታ፣ የመምጣት ዕድሉ ወደ 31 በመቶ ይጠጋል። ሌላው 6-5 ይዞ ከሞላለት በኋላ እንኳ የሚያሸንፍባቸው 7 ካርታዎች አሉ። በተጨማሪም ሁለቱ 10 እርስዎ እጅ ስላሉ ሌላው ጃክ-10 የሚይዝበት መንገድ ከ16 ወደ 8 ይወርዳል፤ 10-6ም እንዲሁ። እንግዲህ እጅዎን ሲመዝኑ የሚያሻሽልዎትን ካርታና ከሌላው የሚከለክሉትን ካርታ አብረው ይመዝኑ።

ሦስት 9 ከሠሩም ተስፋዎ ትልቅ ነው፤ እስከ ሪቨር ወደ ፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) ወይም ወደ አራት ተመሳሳይ የመድረስ ዕድሉ 33 በመቶ ገደማ ነው። 9-8 ይዞ ሁለት ጥንድ የሠራ ሰው ግን ፉል ሀውስ የሚያደርጉት 4 ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ ዕድሉ ወደ 16 በመቶ ነው።

5. ስትሬት ቢሞላልዎትም የትኛው ጫፍ እንደሆነ ይጠይቁ

6-5 ይዘው 9-8-7 ሲያዩ ደስ ይልዎታል፤ ተገቢም ነው። ያም ሆኖ በሁለት ከፍ ያሉ ስትሬቶች ሊሸነፉ ይችላሉ። ተርኑ፣ ማለትም አራተኛው ካርታ፣ 10 ቢሆን ጃክ የያዘ ሁሉ ይበልጥዎታል፤ 6 የያዘ ሁሉ ደግሞ ይካፈልዎታል። ስለዚህ የታችኛው ስትሬት ገንዘብ የሚሰበስበው ፍሎፑ ላይ፣ ሌሎች ገና ካርታ እየጠበቁ ሳለ ነው። ነገ እሰበስባለሁ ብሎ ማዘግየት እዚህ አይሠራም።

6. ማን፣ ከየት ተቀምጦ ወደ ጨዋታው እንደገባ ያስታውሱ

ከፊት ተቀምጦ ውርርድ ያሳደገ ሰው ብዙ ጊዜ ትልልቅ ጥንዶች ወይም ኤስ-ኪንግ አለው፤ ኤስ-ኪንግ ደግሞ 9-8-7 ላይ ምንም አላገኘም። ከቢግ ብላይንድ፣ ማለትም ካርታ ሳያይ ትልቁን የግዴታ ውርርድ ከሚያስቀምጠው ቦታ፣ ሆኖ የተከተለው ሰው ግን ጃክ-10፣ 9-8፣ 8-7፣ 6-5 የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው ፍሎፕ የሚያደላው ለእሱ ነው። እርስዎ ያሳደጉት ከሆኑ በልማድ ብቻ አይወራረዱ። ቢግ ብላይንዱ ቼክ ብሎ እርስዎ ከተወራረዱ በኋላ መልሶ ካሳደገ ከልብዎ ያዳምጡት።

ዝምታም መልእክት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የፖከር የዓለም ተከታታይ ውድድር ዋና ጨዋታ ላይ ጆኒ ቻንና ኤሪክ ሴይደል ብቻ ቀሩ። ፍሎፑ ኩዊን-10-8 ነበር። ሴይደል ኩዊን ይዞ ትልቁን ጥንድ ሠራ፤ ጃክ-9 የያዘው ቻን ግን ከመጀመሪያው ትልቁ ስትሬት ሞልቶለት ነበር። ቻን ጥንካሬውን ሳያሳይ ቆየ። ሴይደል ያለውን ሁሉ አስገብቶ ተሸነፈ፤ ቻንም በተከታታይ ሁለተኛ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ሴይደል ኋላ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የሆነ ሰው ነው፤ የተያያዘ ፍሎፕ ጎበዙንም እንደሚፈትን ከዚህ ይማራሉ።

7. ስንት ሰው እንደቀረና ስንት ቺፕስ እንዳለ ይዩ

አንድ ተቃዋሚ ብቻ ካለ ምንም ያላገኘ ሊሆን ይችላል። ሦስት ወይም አራት ሰው ከተከተለ ግን አንዱ ጋ ስትሬት፣ ሁለት ጥንድ ወይም ብርቱ ተስፋ የመኖሩ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። ባለ አንድ ጥንድ እጅ ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል።

መሃል ላይ 100 ዶላር ተሰብስቦ እርስዎ የቀረዎት 200 ብቻ ከሆነ በሁለት ኤስ መግባት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የሚከተልዎ ሰው ደካማ ጥንድ ወይም ያልሞላ ተስፋ ሊኖረው ይችላል። የቀረዎት 1,000 ከሆነ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያስገባልዎ ሰው ባብዛኛው ከአንድ ጥንድ የሚበልጥ እጅ አለው።

8. የሚከፍሉትን ዋጋ ከዕድልዎ ጋር ያነጻጽሩ

መሃል 100 ዶላር አለ፤ ተቃዋሚዎ 50 ተወራረደ። እርስዎ 50 ከፍለው ጠቅላላው 200 ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልግዎታል። ውርርዱ 100 ቢሆን የሚያስፈልግዎ 33 በመቶ ነው።

ዕድልዎን ለመገመት የሚጠቅሙዎትን ካርታዎች ይቁጠሩ፤ አንድ ካርታ ብቻ ለማየት በ2፣ ሁለቱንም ለማየት በ4 ያባዙ። 8 ካርታ ቢጠብቁ ግምቱ ለተርኑ ብቻ 16 በመቶ ነው፤ ትክክለኛው ወደ 17 ይጠጋል። ከእነዚያ 8 ሁለቱ ልብ ከሆኑና ሌላው ፍላሽ ሊሞላለት ከቻለ ንጹሑ 6 ብቻ ነው። በአንጻሩ የልብ ኪንግና የልብ 10 የያዘ ሰው 15 የሚጠቅሙት ካርታዎች አሉት፤ ገና ምንም ሳይሠራ ከሁለት ኤስዎ በላይ የማሸነፍ ዕድል አለው።

ከመወሰንዎ በፊት በአጭሩ

- ሊኖር የሚችለውን ትልቁን እጅ አውቄዋለሁ?
- እኔን የሚበልጡት ጥምረቶች ይበዛሉ ወይስ ደካማ ሆነው የሚከፍሉኝ?
- ቀጥሎ የማልፈልገው የትኛውን ካርታ ነው? ቢመጣስ ምን አደርጋለሁ?
- ብሸነፍ መልሶ የሚያወጣኝ ካርታ አለ?
- ፍሎፑ የሚያደላው ለእኔ ነው ወይስ ለተቃዋሚዬ?
- የሚጠየቀው ዋጋ ከዕድሌ ጋር ይመጣጠናል?
- ይህ ገንዘብ ቢጠፋ የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይጓደላል?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስዎ “አዎ” ከሆነ ሌሎቹን ሳይመልሱ ከጠረጴዛው ይነሱ። ለቀሩት ግልጽ መልስ ካላገኙ ፖቱን፣ ማለትም መሃል የሚሰበሰበውን ገንዘብ፣ ትንሽ አድርገው ይያዙት፤ እርግጠኛ ባልሆኑበት ፍሎፕ ያልከፈሉት ቺፕስ በአሸነፉት ልክ ይቆጠራል።