የመስቀል ሱቅ፣ የጥር ማስጠንቀቂያ

የጉራጌዋ ከተማ አረቅጥ ላይ ሱቅ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ በመስቀል ሰሞን ነው። አዲስ አበባ የሚነግደው ወንድም ለበዓል ይመጣል፣ መንገድ ዳር ያለውን የአባቱን ግቢ ያያል፣ «አጥሩን አፍርሰን ሁለት ክፍል ሱቅ እናውጣ» ይላል። እሱ ሳይመለስ ብሎኬቱም ቆርቆሮውም ይራገፋል። ጥር ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ሲያደርግ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

ባለሱቁ ያኔ የንግድ ፈቃዱን ይዞ ይሮጣል። «ፈቃድ አለኝ፣ ግብር ከፍያለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ያ ወረቀት ስለ ንግዱ እንጂ ስለ ቦታው አይናገርም። የንግድ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ከንግድ ጽሕፈት ቤት ይወጣል። ቦታው ለምን እንደሚውል የሚወስነው ግን በአዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚመራው የከተማው ፕላን ነው። ግድግዳ ለማቆም ደግሞ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ በሌላው አይተካም።

ስለዚህ አንድ ብሎኬት ሳትገዙ የይዞታ ካርታውን አውጥታችሁ የቦታውን አገልግሎት እዩ። «መኖሪያ» የሚል ከሆነ የአገልግሎት ለውጥ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሚፈቀደውም ከፕላኑ ጋር ከተስማማ ነው። ይህን እንደ ተራ ፎርም አትቁጠሩት፤ የሊዝ ዘመኑም በአገልግሎቱ ይለያያል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ ግን 70 ዓመት ነው የሰጠው። ቀጥሎ ፕላኑ ላይ የመንገዱን ስፋት አስለኩ። ጀፎሮ፣ ማለትም የመንደሩ ሰፊ የጋራ መንገድ፣ ላይ አጥር የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ለማንም ጉራጌ አይነገርም፤ ከተማ ሲገባ ግን የመንገዱን ድንበር የሚረሳው ብዙ ነው። ሽማግሌ ከጎረቤት ጋር ያስታርቃል፣ የማዘጋጃ ቤትን ፈቃድ ግን ሊሰጥ አይችልም።

ተከራይ ከሆናችሁ የካርታውን ቅጂ ሳታዩ ቅድሚያ ክፍያ አትስጡ። ቤቱ ለንግድ የተፈቀደ መሆኑን አከራዩ እንደሚያረጋግጥ፣ ባለመፈቀዱ ምክንያት ቢታሸግ ያልተኖረበትን ኪራይ እንደሚመልስ ውሉ ላይ ይግባ። አከራዩ ይህን መጻፍ ካንገራገረ ሌላ ቤት ፈልጉ።

የአገልግሎት ለውጥ ጥያቄያችሁ ካልተፈቀደ «ነገ ና» የሚለውን እንደ መልስ አትቀበሉ። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ አስቀሩ፣ ክልከላውንም ከነምክንያቱ በደብዳቤ ጠይቁ። ያለ ደብዳቤ ይግባኝ የምትሉበት ነገር የላችሁም። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ አቤቱታ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ እዚያው ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ ጥሩ ክርክርም ሊወድቅ ይችላል። የአዲስ አበባው ወንድም «በ1183/2012 እንከሳቸዋለን» ማለቱ አይቀርም። ያ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው የሚመለከተው። አረቅጥ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናት፤ የክልሉን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ብትፈልጉ ይሻላል።

ፍርድ ቤት ሲደረስ ብዙ ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ለዚህ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ሆኖም ተከሳሹ ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያው በማያጠራጥር ማስረጃ ካሳየ ክሱ ይወድቃል። ግንባታው ፈቃድ ከሌለው ማዘጋጃ ቤቱ የሚያሳየው ማስረጃ አያጣም። ፈቃዱ እያላችሁ የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ ግን የመጀመሪያው ሥራችሁ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የዕግድ ትእዛዝ መጠየቅ ነው። ማመልከቻው ማስጠንቀቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው የካሳ ክርክር ነው። ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ማስጠንቀቂያውንና ያቺን የመዝገብ ቁጥር ያለባትን ቅጂ አያይዙ።