ትልቅ የፍቅር ታሪክ ነው ተብዬ ያነበብሁት መጽሐፍ



ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ላይ በማደሪያ ክፍል አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። «ከዚህ የበለጠ የፍቅር ታሪክ አልተጻፈም፤ እንደ ሂትክሊፍ የሚወድ ሰው ካገኘሁ ሌላ አልመኝም» አለችኝ። መጽሐፉ ዋዘሪንግ ሃይትስ ይባላል። ፈተና እንዳለቀ ጀምሬ በሦስት ቀን ጨረስሁት። ስጨርሰው ግን ተናደድሁ፤ የተታለልሁም መሰለኝ። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ንዴት ነው። የተናደድሁት በማን ላይ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን መጽሐፉን ሁለተኛ ማንበብ አስፈልጎኛል።

ደራሲዋ ኤሚሊ ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወለደች። አባቷ በሐዎርዝ መንደር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። መጽሐፉን በ1847 ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም አሳተመች፤ በዓመቱም በ30 ዓመቷ ሞተች። ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመችም።

ታሪኩ ነፋስ በማይለየው ገላጣ ኮረብታማ አገር ላይ ባሉ ሁለት ቤቶች መካከል የሚፈጸም ነው። አቶ ኧርንሾ የተባሉ ባላባት ከሊቨርፑል ከተማ ወላጅ የሌለው ልጅ አምጥተው ሂትክሊፍ ብለው ያሳድጉታል። ከልጃቸው ከካተሪን ጋር እጅግ ይዋደዳሉ። አባት ሲሞቱ ታላቅ ወንድሟ ሂንድሊ ልጁን እየደበደበ ወደ አሽከርነት ያወርደዋል። ካተሪንም ብትወደውም እሱን ማግባት ያዋርደኛል ብላ ሀብታሙን ኤድጋር ሊንተንን ታገባለች። ሂትክሊፍ ይጠፋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው በቀል ነው። (መጽሐፉን ለማንበብ የምታስቡ የቤተሰቡን ሐረግ በወረቀት ላይ ሣሉ። እናትም ልጅም ካተሪን ስለሚባሉ እኔ እስክለያቸው ድረስ ብዙ ገጽ በከንቱ አልፎኛል።)

ጓደኛዬ የነገረችኝ እስከዚህ ድረስ ያለውን ነበር። መጽሐፉ 34 ምዕራፍ ሲኖረው ካተሪን የምትሞተው በ16ኛው ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፍቅረኛዋ ሥራ ብቻ ነው፤ ሥራውም ይህን ይመስላል። የኤድጋርን እኅት ኢዛቤላን ለበቀልና ለውርስ ሲል አስኮብልሎ ያገባታል። ከቤቷ ባወጣት ሌሊት የምትወደውን ትንሽ ውሻዋን ይሰቅላል። የሂንድሊን ልጅ ሄርተንን ፊደል ሳያስቆጥር እንደ ከብት ያሳድገዋል። በመጨረሻም የሟቿን ልጅ፣ ትንሿን ካተሪንን፣ ቤቱ አስገብቶ ይቆልፍባታል፤ በጥፊ ይመታታል፤ አባቷ በሞት አልጋ ላይ ሳለ በሽተኛ ልጁን በግድ እንድታገባ ያደርጋታል።

እንግዲህ ይህ ነገር በአማርኛ ስም አለው፤ ጠለፋ ይባላል። በእኛ ሰፈር ቢደረግ ሽማግሌና ፖሊስ የሚያስጠራ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንዴት የፍቅር ታሪክ ይሆናል? ይህን ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። «በልጅነቱ ተበድሎ ነዋ! ደግሞም ስለሚወዳት ነው» አለችኝ።

ይህን መልስ ከዚህ በፊት ከአፏ ሰምቼው ነበር። ልታገባው የምታስበው ሰው ስልኳን እየተቀበለ ያነባል። ከቤተ መጻሕፍት በሩብ ሰዓት ከዘገየች ከማን ጋር እንደ ነበረች ይመረምራታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የመዝሙር ልምምድ የተወችው እሱ ስላልወደደው ነው። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ እየሣቀች ነው፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ «ስለሚወደኝ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ ክርክራችን ስለ አንድ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ዛሬ በእንግሊዝኛ ዳርክ ሮማንስ የሚባሉ፣ ጠላፊውና ዛቻ የሚያበዛው ሰው በመጨረሻ ተወዳጅ ባል የሚሆንባቸው ልብ ወለዶች በዝተዋል፤ ጓደኛዬም በስልኳ ታነባቸዋለች። ሂትክሊፍን የእነዚህ ሁሉ አያት አድርጋ ነው የያዘችው።

ሁለተኛ ሳነብ ግን በመጀመሪያ ሳላስተውል ያለፍሁት ነገር በምዕራፍ 14 ላይ አቆመኝ። ሂትክሊፍ ሚስቱ ፊት ቆሞ ለሠራተኛዋ ለኔሊ ዲን ስለ እርሷ ይናገራል። ይህች ሴት ቤቷን ጥላ የመጣችው በልብ ወለድ ውስጥ እንዳለ ጀግና አድርጋ ስላሰበችኝ ነው እያለ ይዘብትባታል። ውሻዋን ስሰቅል እንኳ ዓይኗ አልተገለጠም ብሎ ይደነቃል። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ። ለካስ ጓደኛዬን የመሰለችው አንባቢ መጽሐፉ ውስጥ ኖራለች! በጥቁር ፊቱና በዝምታው በስተኋላ የተደበቀ ርኅራኄ አለ ብላ የገመተችው ኢዛቤላ ናት። ከዚያም በፊት በምዕራፍ 10 የሚወዳት ካተሪን ራሷ ተው ብላ መክራት ነበር፤ ይህ ሰው ምሕረት የለውም፣ ከሻካራው ቅርፊት ሥር የተሸሸገ ዕንቁ አለ ብለሽ አትጠብቂ የሚል ምክር ነው። ኢዛቤላ ግን በቅናት የተናገረችው መሰላት።

እንግዲያው ደራሲዋ አላታለለችኝም። ሂትክሊፍን ባል አድርጋችሁ ተመኙት ያለችበት አንድም ቦታ አላገኘሁም፤ ያገባችው ሴት ምን እንዳገኘች ግን በምዕራፍ 13 ሙሉ ደብዳቤ አስጽፋታለች። ታዲያ ሌላው ወሬ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ሲኒማው ይመስለኛል። በ1939 ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀውና ሎረንስ ኦሊቪየር ሂትክሊፍን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም የልጆቹን ታሪክ፣ ማለትም የመጽሐፉን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ጨርሶ ትቶታል። ጠለፋው ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ መልከ መልካም ሰው ነው። የደራሲዋ እኅት ሻርሎት እንኳ በ1850 መጽሐፉ እንደገና ሲታተም በጻፈችው መቅድም ላይ እንደ ሂትክሊፍ ያለውን ፍጡር መፍጠር ተገቢ መሆኑን ተጠራጥራለች። ባል ይሁነን ያሉት ኋላ የመጡት ናቸው።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። በዚያው በምዕራፍ 14 ሂትክሊፍ መለያየት የምትጠይቅበት ሰበብ እንዳታገኝ ከሕግ ወሰን እንደማይወጣ በኩራት ይናገራል። ይህ ፉከራ ብቻ አይደለም። ታሪኩ ተፈጸመ በሚባልበት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ባልና ሚስት ፈጽመው ለመፋታት ፓርላማው ለእነሱ ብቻ ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ ይህ እስከ 1857 ቆይቷል። ያገባች ሴት በገንዘቧ ላይ መብት ማግኘት የጀመረችው በ1870 እና በ1882 በወጡት ሕጎች ነው። ኢዛቤላ ግን እነዚህ ሁሉ ከመምጣታቸው በፊት፣ ቢላዋ ከወረወረባት በኋላ፣ በበረዶ ውስጥ ሮጣ አመለጠች፤ ቀለበቷን እሳት ውስጥ ጣለች፤ ወደ ደቡብ ወደ ለንደን አቅራቢያ ሄዳ ልጇን ብቻዋን አሳደገች። በእኔ ግምት በመጽሐፉ ውስጥ ከእርሷ የሚበልጥ ደፋር የለም።

በደራሲዋ ላይ የቀረኝ ቅሬታም በዚሁ ነው። ለሂትክሊፍ እንደ ነጎድጓድ የሚያስተጋባ ቃል ስትሰጠው ኢዛቤላን ከምዕራፍ 17 በኋላ እንደ ዋዛ ትተዋታለች፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጥ ኑሮዋ በጥቂት መስመር ያልቃል። ኔሊ ዲንም ብትሆን አታዝንላትም። አንባቢ ድምፁ የጎላውን ሰው ቢከተል ሊደንቀን አይገባም። ስለ ልጅነቱ መከራ የሚቀርበው ክርክርም ያው ነው። እኔም ለተደበደበው ልጅ አዝኛለሁ፤ ነገር ግን የሂንድሊን ዕዳ የምትከፍለው ኢዛቤላ የሆነችበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ፍቅር የሚባለውን ነገር ያገኘሁት ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ትንሿ ካተሪን በሄርተን መሃይምነት ስትሥቅ ኖራለች፤ እሱም በንዴት መጻሕፍቱን እሳት ውስጥ ጨምሯል። በምዕራፍ 32 አንድ መጽሐፍ በወረቀት ጠቅልላ ስሙን ጽፋበት ትልክለታለች፤ ከተቀበለኝ መጥቼ ማንበብ አስተምረዋለሁ፣ ካልተቀበለኝ ግን ሁለተኛ አላስቸግረውም ትላለች። እንቢ ማለት ይችል ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ እንቢ ማለት የሚቻልበት ስጦታ ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ይህን ማንም በፊልም ማስታወቂያ ላይ አያወጣውም።

መጽሐፉን ለጓደኛዬ የመለስሁላት በምዕራፍ 13 ላይ ወረቀት አስገብቼ ነው። ስለ እጮኛዋ ምንም አላልሁም፤ እሷ ግን ነገሩ ገብቷታል። «ኢዛቤላን እንደማልወዳት ታውቂያለሽ» አለችኝ። አዎን፤ እኔም በመጀመሪያው ንባብ አልወደድኋትም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኋት። መጽሐፉ አሁንም ከእሷ ዘንድ ነው።