በውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ቅርፊት ለበስ እንስሳት

ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ አድርጋችሁ ወደ ፀሐይ ብታነሡት፥ እንደ ነጭ ነቁጥ ሆነው የሚዘሉ ጥቃቅን ነገሮች ታያላችሁ። በደምቢያ ይህንን ስናሳይ ብዙዎች «ጉድፍ ነው» ይሉናል። ጉድፍ ግን ወደ ላይ አይዋኝም። እነዚህ ሕይወት ያላቸው እንስሳት ናቸው፤ ወገናቸውም ከሸርጣን ነው።

የዚህ ወገን እንስሳት ገላቸውን ከውጭ የሚሸፍን ቅርፊት አላቸው፤ ሲያድጉም የጠበባቸውን እየጣሉ አዲስ ያበቅላሉ። በጃፓን ባሕር እግሩን ሲዘረጋ ከ3 ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሸርጣን አለ። ከእርጥብ ድንጋይ ሥር የሚገኘውና የወደቀ ቅጠል እየበላ አፈር የሚያደርገው ባለ 14 እግር ግራጫ ፍጥረትም ዘመዳቸው ነው።

በጣና ሐይቅ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ትንንሾቹ ናቸው። ዳፍንያና መሰሎቿ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይበላሉ፤ እነርሱን ደግሞ ትንንሽ ዓሦች፥ ትንንሾቹንም ትልልቆቹ ይበሏቸዋል። በጣና ብቻ የምትገኝና በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት በሳይንስ ስም የተሰየመች አንዲት ትንሽ ዓሣ በአብዛኛው የምትኖረው በእነዚሁ ነው። እንግዲህ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚሞላለት ማን እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

ከእነዚሁ መካከል ሳይክሎፕስ የሚባለው ባለ አንድ ዓይን ነፍስ በሽታ ያስተላልፋል። የጊኒ ትል የያዘው ሰው እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጮቹን ይረጫል፤ ሳይክሎፕስ ይውጣቸዋል፤ ሰውም ውሃውን ሲጠጣ አብሮ ይውጠዋል። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ እስከ 1 ሜትር የሚረዝም ትል ብዙውን ጊዜ ከእግር ቆዳ ይወጣል፤ የሚፈውስ መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለውም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በዓለም ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ይታመም የነበረው፥ በ2023 ወደ 14 ሰዎች ወርዷል፤ ይህም የሆነው በአብዛኛው ውሃን በማጥለልና ሕሙማንን ከኩሬ በመጠበቅ ነው። በአገራችን በሽታው የታወቀው በተለይ በጋምቤላ ስለሆነ፥ ለሥራ ወደዚያ የሚወርድ ደገኛ ማጥለያ ይዞ ይሂድ።

በአንድ መንደር ግን ሰዎች ነፍሳቱን ባዩ ጊዜ «የተባይ መርዝ ኩሬው ውስጥ ይጨመር» ሲሉን ደንግጠናል። ሳይክሎፕስን ለማጥፋት ተመዝኖ የሚጨመር ኬሚካል በእርግጥ አለ፤ የሰለጠነ ሠራተኛ እንጂ ማንም አይጨምረውም። የእርሻ መርዝ ጠጪውን ሰው ይጎዳል፤ ዳፍንያንም ፈጥኖ ይፈጃል፤ እንዲያውም በላቦራቶሪ የኬሚካል መርዛምነት የሚፈተነው በእርሷ ነው። እርሷ ስታልቅ ዋቅላሚው ይበዛል፥ ዓሣውም ይራባል።

ስለዚህ እንስሳቱን በኩሬያቸው ትተን ከዋንጫችን እናስቀራቸው። ነጠላ ሽመናው ስስ ስለሆነ ለማጥለል አይበቃም፤ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ መጠቀም፥ ሁልጊዜም በአንድ ገጹ ብቻ ማጥለል፥ ከዚያም አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጨርቅ የማያስቀራቸው ረቂቅ ጀርሞች ስላሉም፥ የተጠለለው ውሃ ፈልቶ ይጠጣ።